ቀጥ ያሉት ዛፎች

ደምለውን ያገኘው የደኑ ጠባቂ ይስማው ነው። ማለዳ የዝግባ ሜዳ ሚካኤልን ሊሳለም ሲገባ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ከትልቁ ዝግባ ሥር ሰው ተጋድሞ አየ። የተኛ መሰለው። «አንተ ሰው፣ ተነስ እንጂ!» ብሎ ጠጋ ሲል ከራሱ ሥር ሣሩ ላይ ደም ረግቷል። እየጮኸ ወጣ።

እኔ ከአምበር መጥቼ ስደርስ ሰዉ በሩ ላይ ተሰብስቧል፤ ደፍሮ የገባ የለም። ደምለው አብሮ አደጌ ነው። አንድ ወንዝ ዋኝተናል፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። እሱ ስለ ደን ተምሮ ደብረ ማርቆስ ባለሙያ ሆነ፤ እኔ ፖሊስ ሆንኩ። አጠገቡ ቆሜ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

መርማሪዋ ከማርቆስ መጣች። ኢንስፔክተር አርሴማ ትባላለች፤ ቀጭን ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። በእኛ ደብር ጫማ የሚወልቀው ከቅጥሩ በር ነው። የደምለው ጫማም እዚያው በር ሥር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር።

ድሮኑ ክንፉ ተሰብሮ አጠገቡ ወድቋል። ያኔ ድሮን ማለት ሰርግ የሚቀረጽበት ካሜራ ነበር፤ ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ አይሸሸውም። ደምለው ግን ደን ያነሳበታል። ካሜራው የእኛ ዓይን የማያየውን ብርሃን ያያል። ጤነኛ ዛፍ በፎቶው ደማቅ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ የታመመው ገና ቅጠሉ ለምለም ሳለ ይገረጣል። የሚካኤል ጽድና ዝግባ ለምን እንደሚደርቅ ሊያጣራ ነበር የመጣው።

«ዛፉ ላይ ተሰቅሎበት ሊያወርደው ወጣ፣ ወደቀ» አሉ አንድ ሽማግሌ ከበሩ ሆነው። «ቁጣ ነው። ግዝት ነበረበት እኮ!»

እውነታቸውን ነው። የደብሩ ቄሰ ገበዝ ኪዳነ ማርያም በነሐሴ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ በመቅደሱ አናት ላይ ያንን ነገር የሚያበርር የተገዘተ ይሁን ብለው ነበር። አጥቢያው ሁሉ አሜን ብሏል። ደምለው ከዚያ በኋላም አንድ ቀን አበረረ።

አርሴማ ተንበርክካ የደምለውን እግር አየች።

«ሳጅን ገዳሙ፣ ትናንት ዘንቦ ነበር?»

«ከሰዓት በኋላ፣ በደንብ አድርጎ።»

«ከበሩ እስከዚህ ጭቃ ነው። የእኔን እግር ተመልከት፤ የሱንም ተመልከት።»

የደምለው ውስጥ እግር የታጠበ ይመስላል። ጥፍሮቹ ውስጥ ግን ቀይ አፈር ሞልቷል። አርሴማ ድሮኑን ገልብጣ ሆዱን ከፈተችው። ባትሪ የለውም። ባትሪው በደምለው ቦርሳ ውስጥ፣ በመያዣው ተጠቅልሎ ተገኘ።

«ያለ ባትሪ ዛፍ ላይ የሚወጣ ድሮን የለም» አለች ቀስ ብላ፣ ከበሩ እንዳይሰሟት። «በእግሩም አልገባም። ሰው ተሸክሞ ነው ያስገባው።»

ስንወጣ የደምለውን ጫማ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው።

የደምለው እናት ወለተ ሐዋርያት ከዚያን ቀን ጀምረው ከጣቢያው ደጅ አልጠፉም። አስከሬኑ ለምርመራ ማርቆስ ሆስፒታል ገብቷል። እሳቸው የሚፈልጉት ልጃቸው ከአባቱ ጎን እንዲያርፍ ነው። ካህናቱ ደግሞ ግዝት ያለበት ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፣ ከቅጥሩም አይቀበርም አሉ። የገዘተው ይፍታው ይላሉ። የገዘቱት ቄሰ ገበዝ ደግሞ የራሳቸው የወለተ ሐዋርያት የነፍስ አባት ናቸው።

«ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ» አሉን። «"እኔ ልፈታው አልችልም" አሉኝ። ፊታቸውን እንኳ ወደኔ አላዞሩም። ክርስትና ያነሱትን ልጅ!»

«ጳጳስ ጋ ቢሄዱስ እናቴ?» አለች አርሴማ።

«ቁጣ ነው የገደለው እያሉ ማን ይሰማኛል? አንቺ የሰው እጅ ነው ብለሽ አውጪልኝ። የሰው እጅ ከሆነ ሕዝቡም ያፍራል፣ ካህናቱም ይሰሙኛል። እስከዚያ ልጄ እዚያ ብረት ሣጥን ውስጥ ነው። በርዶታል።»

አርሴማ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለችላቸው።

ይስማው፣ ደምለው በሞተበት ዕለት ወደ ማታ ላይ የኻሊድን ሞተር ብስክሌት ከደኑ ዳር እንዳየ ነገረን። ኻሊድ አምበር ላይ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ዶማ፣ አንዳንዴም ጣውላ ይሸጣል። በገበያ ቀን ከደምለው ጋር ሲጯጯህ ያላየ የለም።

«የዚያን ዕለት ከሰዓት የት ነበርክ?» አለችው አርሴማ።

«ሉማሜ። ሻይ ቤት ነበርኩ።»

የሉማሜዋ ባለ ሻይ ቤት በስልክ ሳቀች። «ኻሊድ? እሱ ከኔ ቤት ሻይ ከጠጣ ስንት ክረምት አልፏል! ምነው፣ ሚስቱ ጠፋባት?»

አሰርነው። የአምበር ወሬ በአንድ ቀን ሌላ መልክ ያዘ፤ ሱቁ በር ላይ ድንጋይ ወረወሩ። አርሴማ ሱቁን የሚጠብቅ ፖሊስ አቁማ እንደገና አስጠራችው።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እህቴ፣ ኻሊድ የሚባል ሰው በሚካኤል ደን ከሞተ ሰው ጋር መጨረሻ ታየ። አንቺ ብትሆኚ ትናገሪያለሽ?»

«አልናገርም» አለች አርሴማ። «አሁን ግን ንገረኝ።»

ኻሊድ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። «ዶማ ሊገዛ መጣ። "ምነው፣ ድሮኑ ቀርቶ ድንች ልትቆፍር ነው?" አልኩት። ሳቀ። ዝናቡ ሲያባራ በሞተር አደረስኩት፣ ከደኑ ዳር ጥዬው ተመለስኩ። ያ ጭቅጭቅ ምንም አይደለም። ከደኑ የደረቀ እንጨት አትግዛ፣ በሽታው አብሮት ይዞራል አለኝ፤ እኔም ሱቄን አንተ አትመራውም አልኩት። በማግስቱ ምሳ ጋበዘኝ። ቂም የሚባል ነገር አያውቅም እኮ።»

«ዶማው የት ገባ?»

«እኔስ እሱን አይደል የምጠይቃችሁ? አዲስ ነው። እጀታው ጫፍ ላይ የሱቄ ቀይ ቀለም አለበት።»

ከደምለው አጠገብ ዶማ አልነበረም።

በዚያው ቀን ቄሰ ገበዝ ኪዳነ ማርያም ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ጣቢያ መጡ። ከካህንነታቸው ሌላ እርሻቸውን በእጃቸው የሚያርሱ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሰው ናቸው። ዳቦው ለኻሊድ ነው።

«ይህ ሰው ምንም አላደረገም። ልቀቁት» አሉ።

«እንዴት አወቁ አባ?»

«አውቀዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም።»

አርሴማ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ አለች። እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰበሰቡ። መስቀል አልያዙም ነበር። «እግዚአብሔር ያክብርሽ» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ማርቆስ ሄድን። ከደምለው ጋር የምትሠራው ረውዳ ድሮኑ ያነሳውን ፎቶ እያገጣጠመች እንደ ካርታ የምታወጣ ልጅ ናት። ዓይኗ አብጧል። መጀመሪያ የሌላ ቦታ ደን አሳየችን።

«የዛፍ በሽታ ይህን ይመስላል። አንድ ቦታ ይጀምራል፣ ከዚያ ጎረቤቱን እየያዘ ይሰፋል። ጨርቅ ላይ ዘይት ጠብ ሲል አይታችኋል? እንደሱ ነው። አሁን ደግሞ የእናንተን እዩ።»

የሚካኤል ደን ከላይ ክብ ቀይ ምንጣፍ ነው። ምንጣፉ ላይ የገረጡ ነጥቦች እዚህም እዚያም ተበትነዋል። በአንዱ የገረጣ ዛፍ ዙሪያ ያሉት ሁሉ ደማቅ ቀይ ናቸው። ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ አንድ ብቻውን ገርጥቷል።

«ይዘላል» አለች አርሴማ።

«ይመርጣል። ደምለው እንደዚያ ነው ያለው፤ "ረውዳ፣ ይሄ በሽታ ይመርጣል።" ምኑን እንደሚመርጥ ግን ከላይ አይታይም። ከላይ የሚታየው የዛፉ አናት ብቻ ነው።» ጣቶቿን አየች። «ሥሩን ቆፍረህ እይ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ባልለው ኖሮ ያን ቀን እዚያ አይሄድም ነበር።»

አርሴማ ፎቶውን በትልቁ አሳትማ ያዘች።

ደኑ ውስጥ በፎቶው እየተመራን ከአንድ የገረጣ ዛፍ ወደ ሌላው ዞርን። ከመሬት ሆኖ ላየ አብዛኞቹ ገና ለምለም ናቸው፤ ሰው ታመዋል አይልም። አርሴማ ሥራቸውን ማየት ትታ ሽቅብ ሽቅብ ትመለከት ጀመር።

«ሳጅን፣ ይሄን ጽድ እየው።»

እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ ነው። አጠገቡ ያለው የጎበጠና ሁለት የተከፈለ ነው፤ እሱ በፎቶው ደማቅ ቀይ፣ ጤነኛ። ቀጣዩ የታመመ ዝግባ፣ ቀጥ ያለ። ከሱ ቀጥሎም፣ ቀጥ ያለ። ጠማማ ሆኖ የታመመ አንድ እንኳ አጣን።

«በሽታ ቀጥ ያለ ዛፍ ይመርጣል እንዴ?»

«አናጢ ነው የሚመርጥ» አልኩ፤ ካልኩ በኋላ ራሴም ደነገጥኩ።

ለእንግዳ መንገር አለብኝ። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ለምለም ዛፍ የታቦቱ ነው። መጥረቢያ ያነሳበት የአባቶች ግዝት ይይዘዋል። በራሱ የደረቀውን ብቻ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ መቁረጥ ይፈቀዳል። የአሮጌው ሚካኤል ጣሪያ ስለሚያፈስ አዲስ ሕንፃ ተጀምሮ ነበር። ምሰሶ በሚያስፈልግ ሰዓት የሚያምር ጽድ ደረቀ። ሌላ ሲያስፈልግ ሌላ ደረቀ። ሕዝቡ «ሚካኤል ራሱ እያደረቀ ሰጠን» ብሎ እልል አለ። ያኔ ማንም ሥሩን አልቆፈረም፤ ታቦቱን መፈተን ይሆናል።

ከደኑ ጫፍ፣ አንድ ዝግባ ሥር፣ ሰው የከመረው የሚመስል ቅጠል አገኘን። ቅጠሉን ስንገፍፈው አፈሩ የተቆፈረ ነው። ከአፈሩ በታች የዛፉ ቅርፊት ዙሪያውን እንደ መቀነት ተልጧል። የላጠው ሰው አፈር መልሶበት ነበር፤ ደምለው ገልጦታል፤ ጥፍሮቹን የሞላው ቀይ አፈር የዚህ ነው። አጠገቡ ያለውን ድንጋይ አርሴማ አገላበጠችው። ከላይ ከዚያ ወዲህ የዘነበው ዝናብ አጥቦታል፤ ከሥሩ ደም አለበት።

አናጢው ደመላሽ የአዲሱን ሕንፃ ጣሪያ እየመታ ነበር።

«አያ ደመላሽ፣ ውረድ» አልኩት።

«ምስማሬን ልጨርስ።»

«ውረድ ብያለሁ።»

ደምለው በሞተበት ዕለት የአክስቱ ተዝካር ላይ ደብረ ወርቅ እንደነበረ ተናገረ። ደወልን። የደብረ ወርቅ ካህናት እዚያው እንዳደረ መሰከሩ፤ እንዲያውም ጠላ በዝቶበት ሲዘፍን እንደነበር ነገሩን። አርሴማ ፎቶውን ፊቱ ዘረጋችና ታሪኩን በአጭሩ ነገረችው። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

«እኔ በጣቴ ነው ያሳየሁ» አለ። «"ይሄ ቢደርቅ ጥሩ ምሰሶ ይወጣው ነበር" አልኩ። በዓመቱ ደረቀ። ሌላ አሳየሁ። እሱም ደረቀ። ከዚያ... ከዚያማ ገባኝ። ገብቶኝም ማሳየቴን አልተውኩም።»

«ለማን ነበር የምታሳየው?»

ደመላሽ መሬት መሬት አየ።

«ለማን?»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ልጆች አሉኝ። የምቀበረውም እዚህ ነው።»

መዶሻውን አንስቶ መሰላሉን ያዘ።

አርሴማ የቤተ ክርስቲያኑ መሣሪያ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ይከፈትልኝ አለች። ቁልፉ አንድ ነው፤ ያለው ከቄሰ ገበዝ አንገት ላይ ነው። አውልቀው ሰጧት። ከአሮጌ አካፋና ከዛገ መጋዝ መካከል አንድ አዲስ ዶማ ቆሟል። ብረቱ ታጥቧል። እጀታው ጫፍ ላይ ቀይ ቀለም አለበት።

«ምነው ወንዝ አልጣሉት?» አልኳት ስንወጣ።

«በሚካኤል መሬት የወደቀ የሚካኤል ነው ይላሉ አይደል? መስረቅ አልፈለጉም ይሆናል» አለች። «ነገ እሑድ ነው። ቅዳሴ እንምጣ።»

እሑድ ቅዳሴው ተጀምሮ ቄሰ ገበዝ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ሥር፣ መግባት የማይችሉ ሰዎች በሚቆሙበት ቆመዋል። መቋሚያም መስቀልም የላቸውም። አርሴማ አጠገባቸው ቆመች። እኔ ከኋላ ነኝ።

«አባ፣ ደምለው ከሞተ ወዲህ አልቀደሱም።»

«አሞኛል።»

«መስቀልም አልያዙም። ደም የነካ እጅ አይቀድስም፣ አይፈታም። እናቱን "ልፈታው አልችልም" ያሏቸው ለዚያ ነው?»

ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ።

«ተሸክሞ ያስገባው ሰው ጫማውን አወለቀለት» አለች አርሴማ። «በር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠለት። የሞተ ሰው ጫማ አድርጎ ቢገባ ማን ይቆጣዋል? ሌላ ሰው ቢሆን ትዝም አይለውም። እርስዎ ግን ዕድሜ ልክዎን እዚህ በር ላይ ጫማ ሲያስወልቁ ኖረዋል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እዚያው ደን ውስጥ ትተውት ቢሄዱ ይሻልዎ ነበር። ለምን አስገቡት?»

«ጅብ» አሉ። «ጅብ እንዳይበላው።»

ከዚያ በኋላ ሳንጠይቃቸው ተናገሩ።

«ለራሴ አንድ ማገር አልወሰድኩም። ጣሪያው በታቦቱ ላይ ያፈስ ነበር። ለምለሙን መቁረጥ ግዝት ነው፤ ይድረቅ እንጂ አልኩ። ልጬ አፈር መለስኩበት። ሕዝቡ እልል ሲል ዝም አልኩ። ልጁ ከላይ ሊያይ ሲመጣ ደግሞ ገዘትኩት፤ በስሙ በሚካኤል ገዘትኩት።»

«ያን ቀንስ?»

«የዶማ ድምፅ ሰምቼ ሄድኩ። ሲያየኝ ዶማውን ጥሎ ተንበረከከ። "አባ፣ መጀመሪያ ይፍቱኝ፤ ከዚያ የማሳይዎ አለኝ" አለኝ። ፈታሁት። ሥሩን አሳየኝ። "ይህን ሰው አብረን እንያዘው" አለ። እኔ እንደሆንኩ አላወቀም። ተወው ልጄ አልኩት። እንዴት እተዋለሁ ብሎ ሊሄድ ተነሳ፤ ለሕዝቡ ሊናገር። ልብሱን ያዝኩ። ሲታገለኝ ገፋሁት። ድንጋይ አለ ከኋላው...»

«ከዚያ ድሮኑን ሰበሩ።»

«ሰበርኩ። ሲወድቅ እጄ ነው ያጠፋው። ድሮኑን ስሰብር ግን አስቤ ነው።»

ወለተ ሐዋርያት ከኋላችን መቆማቸውን ያወቅነው ሲናገሩ ነው። ከቅዳሴው መሃል ወጥተው ኖሯል።

«ፈትተውታል?» አሉ። ስለ መግፋቱም ስለ ድንጋዩም አልጠየቁም። «ልጄን ከመሞቱ በፊት ፈትተውታል?»

«ፈትቼዋለሁ።»

«እና እኔ እግርዎ ላይ ስወድቅ? እዚያ ብረት ውስጥ ተጋድሞ ሳለ?»

«ፈትቼዋለሁ ብል፣ የት አገኘኸው ይሉኛል።»

ወለተ ሐዋርያት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ለማልቀስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም። ቄሰ ገበዝ እስኪንበረከኩ ድረስ አዩዋቸው።

ኻሊድ የዚያኑ ቀን ተፈታ። በማግስቱ ደምለው ከማርቆስ መጣ። ከሌላ ደብር የተጠሩ ካህናት ፍትሐቱን አደረሱለት፤ ከአባቱ ጎን ጉድጓዱ ተቆፈረ። ኻሊድ ከበሩ ውጭ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እስከ መጨረሻው ቆመ።

ቄሰ ገበዝን በሁለት ፖሊስ አስጠብቀን አምጥተናቸው ነበር፤ የጠየቁት ወለተ ሐዋርያት ናቸው። አስከሬኑ ሲወርድ ወደ አርሴማ ዞረው «እጃቸውን ፍቺላቸው፣ አፈር ያልብሱት» አሏት። አርሴማ እኔን አየችኝ፤ ካቴናውን ፈታሁ።

አካፋውን አንስተው ጀመሩ። በቀብር ላይ አፈር የሚመልስ ሰው ብዙ አይቆይም፤ ሌላው መጥቶ «አምጣ» ብሎ ይቀበለዋል፣ ከሱም ሌላው። ያን ቀን ግን የመጣ የለም። ሽበታሙ ሰው ብቻቸውን ይዝቃሉ፣ ይጥላሉ፣ ላባቸው ይንጠባጠባል። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያያል። ሙሾ የምታወርደዋም ሴት ዝም ብላለች።

ጉድጓዱ እስከ ግማሽ ሲሞላ ደመላሽ ከሕዝቡ መሃል ወጣ። «ይስጡኝ» አላቸው። ሰጡት። ጥቂት እንደመለሰ ይስማው፣ የደኑ ጠባቂ፣ መጣና ተቀበለው። ከሱ በኋላ የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀ መንበር። ከዚያ ምሰሶዎቹን የተሸከሙት ሰዎች፣ አንድ በአንድ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ሲቀባበሉ ፊት ለፊት አይተያዩም።

«እነዚህ ሁሉ ያውቁ ነበር?» አለችኝ አርሴማ በሹክሹክታ።

ወለተ ሐዋርያት ከመቃብሩ ራስ ቆመው፣ አካፋውን የሚቀበለውን እያንዳንዱን ሰው በስሙ እየጠሩ «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉ ነበር።